ምንም የማያዞረው ሞተር

ሕይወትህን የቀየረው ቀን የቱ ነው ሲባል ሰው ስለ ሠርጉ ያወራል፤ አለዚያም ከሞት ስለተረፈበት አደጋ። እኔ የማወራላችሁ ስለ ሳር ማጨጃ ነው። ለዚያውም እኔ ከጠገንኩት ወዲህ አንዲት ሰበዝ ስላላጨደ ሳር ማጨጃ።

ያኔ ደብረ ታቦር ከገበያው ጀርባ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ጄኔሬተር፣ የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር እጠግን ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የሞተ ሞተር እየፈታሁ፣ ያልገባኝን በስልኬ እየፈለግሁ ነው የተማርኩት። ብዙ አልናገርም። ስናገር ደግሞ ልኩን ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህ ጠባይ ለሞተር ጥሩ ነው፤ ለገበያ ግን አይሆንም። ጎረቤቴ መካኒክ ማንኛውንም ሞተር አይቶ «ትንሽ ተቀይሞ ነው፣ ነገ ኑ» ይላል። እኔ «የፒስተኑ ቀለበት ተሰብሯል፤ የሚገጥመው እዚህ አይገኝም» እላለሁ። ሰው ሁሉ እሱ ጋ ይሄዳል። ስለዚህ መፍቻዎቼን ጠቅልዬ ባሕር ዳር ልገባ አስቤ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ አቶ ካሳሁን ደወሉልኝ። አቶ ካሳሁን በሲሚንቶና በብረት ንግድ የከበሩ ሰው ናቸው። ወደ ጋሳይ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ተዳፋት መሬት ይዘው ሎጅ ሠርተዋል።

«ስማ፣ ሳር ማጨጃ ትጠግናለህ?»

«ማጭድ ነው ጋሼ?»

«ማጭድ! ማጭድ የድሃ ነው። የሚጋለበውን ነው የምልህ፤ ባለ መሪውን። እሁድ ሎጁ ይመረቃል፣ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፣ እኔም በእሱ ላይ ሆኜ ነው የምቀበላቸው። ቶሎ ና።»

በባጃጅ ሄድኩ። ግቢው ከላይ ከአዳራሹ ጀምሮ እስከ ታች በር ድረስ ያዘቀዝቃል፤ ከበሩ ጎን ደግሞ ገደል አለ። ሳሩ ጉልበት አልፏል። ሌላው ነገር ሁሉ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ አጥሩ፣ የመንገዱ ድንጋይ፣ የባሕር ዛፉ ግንድ፣ የውሃው ጋን። በግቢው ውስጥ ያልተቀቡት አያ ዘውዱ ብቻ ነበሩ።

አያ ዘውዱን ላስተዋውቃችሁ። ሎጁ ያረፈበት መሬት የእሳቸው ነበር። አሁን በሩ አጠገብ ባለች ጎጆ ውስጥ ከአንዲት ላማቸው ጋር ይኖራሉ፤ ዘበኛም የማሽኑ ነጂም ናቸው። በወጣትነታቸው በአካባቢው ያለ እሳቸው ሠርግ አይደገስም ነበር፤ ጠላ አሳላፊ ነበሩ። ጠላው የዋንጫውን ጠርዝ አልፎ እጃቸው ላይ ካልፈሰሰ ማንቆርቆሪያውን ቀና አያደርጉም ይባላል።

ማሽኑ ከመጣ ወዲህ አቶ ካሳሁን አንድ አዋጅ አውጥተው ነበር፤ ማጭድ በዚህ ግቢ አይገባም። ድሮ ከዚያ መስክ ሳር ያጭዱ የነበሩት ጎረቤቶች በአጥር በኩል ያዩ ነበር። ማሽኑ ያጨደው ገደል ይጣላል። የአያ ዘውዱ ላም እንኳ መንገድ ዳር ነበር የምትግጠው።

ማሽኑ ከአዳራሹ ጎን ቆሟል። ክዳኑን ስከፍት ሞተሩም አረንጓዴ ነው። ከላይ አየር የሚስብበት ወንፊት አለው፤ ማቀዝቀዣው ያ ነው። ቀዳዳዎቹ ሁሉ በቀለም ተደፍነዋል። በእጄ ላዞረው ሞከርኩ፤ አይነቃነቅም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ፒስተኑን የሚገፋው ክንድ፣ ቢዬላው፣ ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ወጥቷል። ይህ ጥገና የለውም፤ ሞተሩ መቀየር አለበት።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጣሁ። ጫፉ አጠገብ ሁለት ምልክት አለው፤ ዘይቱ በሁለቱ መካከል ነው መሆን ያለበት። ይሄኛው እስከ አንገቱ ዘይት ነው። የአየር ማጣሪያው ስፖንጅም በዘይት ርሶ ይንጠባጠባል።

«አያ ዘውዱ፣ ዘይት የሚሞላው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! ማን ይሞላለታል?» አሉ በኩራት። «ጠዋት ጠዋት እስኪፈስ እሞላለታለሁ። ሥራ የሚውል ሰው ጎዶሎ አይቀዳለትም።»

«ምልክት አለው እኮ፤ እዚህ ጋ።»

«አይቸዋለሁ። ያችን የጻፈ ሰው ስስታም ነው፣ ልጄ።»

እስኪፈስ ዘይት የተሞላ ሞተር ዘይቱን እየደበደበ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ብረት አያለሰልስም። ትንፋሹ ከላይ በቀለም ተዘግቷል፣ ሆዱ ከታች በዘይት ተወጥሯል። ሁለቱ ተባብረው ገደሉት።

አቶ ካሳሁን መጡ። ነጭ ጫማ ተጫምተዋል። «እሺ፣ ማን ነው የገደለው?»

«ሁለት ነገር ነው ጋሼ።»

«ሁለት አልፈልግም። አንድ በል።»

አያ ዘውዱ ኮፍያቸውን አውልቀው ያዙ። ወሬውን ገምተውታል መሰለኝ። እኔ መዋሸት አልችልም። ግን ከሁለት እውነት አንዱን አስቀድሞ መናገር ውሸት አይደለም።

«ትንፋሹ ተዘግቷል። ይህ ወንፊት በቀለም ተደፍኗል።»

«ቀለሙን ያስቀባሁት እኔ ነኝ።»

«አዎ ጋሼ።»

ወንፊቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ እንደገና ወንፊቱን። «እንግዲያው እርጅና ነው የገደለው» አሉ። ሁለተኛውን ምክንያት አልጠየቁም። ወደ አያ ዘውዱ ዞሩና፣ «አንተ ግን ስማኝ። እሁድ ይሄ ማሽን ካልጮኸ ላምህን ፍታና ሂድ። ማሽን ከሌለ የማሽን ነጂ ምን ያደርግልኛል?»

«እሺ ጌታው» አሉ አያ ዘውዱ። በአባት ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው፤ «አንተ» ሲባሉ ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረውን ቀን ቀለም ስፍቅ ዋልኩ። የሞተር ስምና የአባት ስም ብረቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ነው፤ ያለ እሱ የሚተካውን ማወቅ አይቻልም። በቤንዚንና በጨርቅ ሳሸው ከአረንጓዴው ሥር ቁጥሩ ብቅ አለ። በስልኬ ፈለግሁት። የፈራሁት ነው። የዚህ ሞተር ዘንግ የሚወጣው በሆዱ በኩል ወደ መሬት ነው። ቺንጊያው እዚያ ሥር ይጠመጠምና ጎማውንም ቢላዋውንም ያዞራል። እኛ አገር ያሉት የፓምፕና የወፍጮ ሞተሮች ዘንግ ግን በጎን ነው የሚወጣው።

አቶ ካሳሁን ጋ ሄጄ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ዘንጉ ወደ ታች የሚወጣ መሆን አለበት። ውፍረቱና ርዝመቱ እኩል ይሁን። የመቀመጫው ቡሎን ቀዳዳዎች ይግጠሙ። የፈረስ ጉልበቱም ይመጣጠን። አዲስ አበባ ተፈልጎ ካልተገኘ ከውጭ ይታዘዛል።

ኮስተር ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ፣ «ገባኝ። ሞተር ያስፈልጋል» አሉ።

ዓርብ ጠዋት ከይፋግ አንድ ሞተር በፒካፕ አስመጡ። ሽንኩርት የሚያጠጣ የፓምፕ ሞተር ነው፤ ጭቃው እንኳ አልደረቀም። ዘንጉ በጎን ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ አይሆንም። ዘንጉ በጎን ነው።»

«አስተኛዋ!»

«ምኑን?»

«ሞተሩን። በጎኑ ስታስተኛው ዘንጉ ወደ ታች ይሆናል። ይሄ መማር ይፈልጋል?»

«ከተኛ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳል። ይጨሳል፣ ከዚያ ይቆማል።»

«አንተ ልጅ፣ ከሞተሩ በፊት አንተ ትቆማለህ። አስተኛ አልኩህ!»

አያ ዘውዱ በጆሮዬ፣ «አስተኛው ልጄ። ጌታ ሲያዝ ሞተርም ይተኛል» አሉኝ።

በሽቦና በእንጨት ደግፈን አስተኛነው። ገመዱን ሳብኩ። ተነሳ። አቶ ካሳሁን «አላልኩህም!» ብለው ሳይጨርሱ ነጭ ጭስ ተለቀቀ። አዳራሹ ጠፋ። ጫማው ጠፋ። ከጭሱ ውስጥ የአቶ ካሳሁን ሳል ብቻ ይሰማል። ሞተሩ ሁለቴ ተንፈራገጠና ዝም አለ። ጭሱ ሲገለጥ በአጥሩ ላይ የጎረቤት ጭንቅላት ተደርድሯል።

«ምን ሆነ አያ ዘውዱ፣ ጠንቋይ አመጣችሁ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ሞተሩ አልተኛም ብሎ ነው!» አሉ አያ ዘውዱ።

አቶ ካሳሁን ጫማቸውን አዩ። ዘይት ነክቶታል። ወደ አዳራሹ ገቡ። እኔ ሞተሩን ቀጥ አድርጌ አቁሜ፣ ዘይቱን አንጠባጥቤ፣ ካንዴላውን ፈትቼ ስጠርግ አመሸሁ። አያ ዘውዱ ወደ ቄሱ ወደ መምሬ አዱኛ ቤት ጎራ ብዬ ልምጣ ብለው ወጡ። ለምን እንደሄዱ አልጠየቅኋቸውም። ላማቸው ጎጆዋ በር ላይ ታስራ ሳሩን ታያለች፤ ከነገ ወዲያ የት እንደምታድር እያሰብኩ ሥራዬን ጨረስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ካሳሁን አዋጃቸውን አነሱ። እንግዶቹ ጉልበት በሚያልፍ ሳር መሃል ሊቆሙ አይችሉም። «ማጭድ ያለው ሁሉ ይምጣ፤ በቀን ደመወዝ» ብለው አስነገሩ። ሰዎቹ መጡ። ማጭዳቸውን ይዘው አጥሩ ሥር ተቀመጡ። ማንም አልገባም።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ አቶ ካሳሁን።

ቄሱ፣ መምሬ አዱኛ፣ በእርጋታ ተነሱ። «ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ፣ አቶ ካሳሁን። ሰንበት ነው። በደመወዝ ማጭድ አይነሳም።»

«መምሬ፣ አንቱም ያውቃሉ፤ እዚህ አገር ቅዳሜ ሳር ሲታጨድ አይቻለሁ!»

«ለከብት ነዋ። እንስሳ ሰንበት ነው ተብሎ ጦሙን አያድርም። ለከብቱ ሳር ያጨደ ሰው ሥራ ሠራ አይባልም።»

«እንግዲያው ለከብት ነው በሉና እጨዱ፤ እኔ እከፍላለሁ።»

«ከተከፈለማ ሥራ ሆነ።»

አቶ ካሳሁን ግንባራቸውን ጠረጉ። «እሺ፤ ያለ ክፍያ እጨዱልኝ። ሳሩን ገደል እጨምረዋለሁ።»

«ለከብት የታጨደ ከብት ሊበላው ይገባል፤ አለዚያ ሰንበቱን ሻርን። የአንቱ ከብት ስንት ነው?»

«ከብት የለኝም!»

«አየ» አሉ መምሬ፣ እውነትም ያዘኑ ይመስላሉ። «እንግዲያው ለአንቱ ሊታጨድ አይችልም።»

አጥሩ ሥር አንድ ሰው ሳቁን በጋቢው አፈነ። አያ ዘውዱ ደግሞ ሰማይ ሰማይ ያያሉ፤ ደመና ያለ ይመስል። ዓርብ ማታ መምሬ ቤት ምን ሲሠሩ እንዳመሹ ያኔ ገባኝ።

አቶ ካሳሁን አዳራሹን አዩ፣ ሳሩን አዩ። «ውሰዱት!» አሉ በመጨረሻ። «ሁላችሁም ለየከብታችሁ ውሰዱት!»

እንዲህ ያለ አጨዳ አይቼ አላውቅም። ሰው ለራሱ ላም ሲያጭድ ሥር ድረስ ነው የሚያጭደው። ከሰዓት በኋላ ሳይገፋ መስኩ የተላጨ መሰለ። የመጀመሪያው ሸክም ወደ አያ ዘውዱ ጎጆ ገባ። ሳር ሸክም ሸክም እየሆነ ወጣ፤ የቀረውን ነገ እንወስደዋለን ብለው በሩ አጠገብ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ከመሩት።

እኔም መፍቻዎቼን ሰበሰብኩ። አቶ ካሳሁን ጠሩኝ።

«የት ነው?»

«ሳሩ ታጨደ አይደል ጋሼ?»

«በምን ታጨደ ሲሉኝ ምን ልበል?»

«በማጭድ።»

«በማጭድ አይባልም! ማሽኑ መጮኽ አለበት። ያ ሞተር ቀጥ ብሎ ከቆመ ይነሳል?»

«ይነሳል። ግን ዘንጉ ከምንም ጋር አይገናኝም። ጎማ አያዞርም፣ ቢላዋ አያዞርም። ምንም አያዞርም።»

«ማዞሩን ማን ጠየቀህ? መሬቱ ቁልቁል ነው።»

አያ ዘውዱ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ማሽኑ ከጮኸ ይቀራሉ፤ ካልጮኸ ይሄዳሉ። ነገሩ እንደዚያ ግልጽ ነበር። የቀድሞውን ሞተር አወረድኩ፤ ቺንጊያውን ፈታሁ፤ ቢላዋውን አውልቄ አስቀመጥኩ፣ ሰው እንዳይቆርጥ። የፓምፑን ሞተር በአራት ቡሎን ቀጥ አድርጌ አሰርኩት። ዘይቱን እስከ ምልክቱ ሞላሁ። ፍሬኑን ሁለቴ ፈተሽኩና፣ «ጋሼ፣ አደራ፤ የሚያቆምዎት ይሄ ብቻ ነው፤ ግራ እግርዎ ሥር» አልኳቸው።

«ፍሬን አስተምረኝ ደግሞ» አሉ።

እሁድ እንግዶቹ መጡ፤ ግቢው ሞላ። ሳሩን አይተው አደነቁ። ከእንግዶቹ ትልቁ፣ ሁሉም ጎንበስ የሚልላቸው ሰውዬ፣ «ይሄ ሁሉ በማሽን ነው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ካሳሁን በጥቁር ሱፍ ማሽኑ ላይ ወጡ። ገመዱን ሳብኩ። የይፋጉ ሞተር ጮኸ፤ ሽንኩርት ሲያጠጣ እንደኖረው፣ አሳምሮ። አያ ዘውዱ ከኋላ በትከሻቸው ትንሽ ገፉ። ማሽኑ ጉዞ ጀመረ።

መጀመሪያ በክብር ነበር የወረደው። አቶ ካሳሁን በአንድ እጃቸው መሪ ይዘው በሌላው ሰላምታ ይሰጣሉ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሲበዛ ሁለቱንም እጃቸውን አነሱ። ማሽኑ ፈጠነ። እግራቸውን አየሁ፤ ፍሬኑ ላይ የለም። «ፍሬን!» ብዬ ጮኽኩ፤ በሞተሩ ድምፅ ማን ይሰማኛል። የሚያጨበጭቡት ፍጥነቱ የማሽኑ ብርታት መስሏቸው የበለጠ አጨበጨቡ። አቶ ካሳሁን መሪውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ከፊታቸው ገደሉ ነው።

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» አሉ አያ ዘውዱ አጠገቤ፤ ከዚያ እንደ ጎረምሳ ቁልቁል ሮጡ። አልደረሱባቸውም። መሪውን ግን «ወደ ሳሩ! ወደ ሳሩ!» እያሉ በጩኸት አዞሩት። ማሽኑ በሩ አጠገብ ከተከመረው ሳር ውስጥ ዘልቆ ገባ፤ ከአቶ ካሳሁን አንድ ነጭ ጫማ ብቻ ቀረ። ሞተሩ ሳሩ ውስጥ ሆኖም ይጮኻል።

ከዚያ ትልቁ እንግዳ፣ «አያችሁ? ያጨደውን ራሱ ይከምራል!» አሉ። ጭብጨባው ከፊተኛው በለጠ።

አቶ ካሳሁን ሳር በጆሯቸው ሰክተው ወጡና እጅ ነሡ። ትልቁ እንግዳ ወደ እኔ መጡ። «አንተ ነህ የጠገንከው? ለመሆኑ በቀን ምን ያህል ያጭዳል?»

ልኩን ካልተናገርኩ አይሆንልኝም ብያችኋለሁ። «እኔ ከጠገንኩት ወዲህ አንድም ሰበዝ አላጨደም፣ ጌታዬ።»

እስኪያነቡ ሳቁ። «ትሕትናህ ደስ ይላል!» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። እጅግ ትክክለኛውን ቃል በሕዝብ ፊት ተናግሬ አንድም ሰው አልሰማኝም።

በማግስቱ አያ ዘውዱ ማሽኑን በጥማድ በሬ ሽቅብ አስጎትተው ቦታው መለሱት። ትክክለኛውን ሞተር ልንዘዝ ወይ ብዬ ስጠይቅ አቶ ካሳሁን በጣም ተገረሙ። «ምን ሆኗል? ይሠራል እኮ!» አሉ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ይጮኻል፤ እንዲጮኽ ደግሞ ዋዜማውን ሳሩ መታጨድ አለበት። እንግዳ የሚመጣው እሁድ ስለሆነ ዋዜማው ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ የሚታጨደው ለባለ ከብት ብቻ ነው። ጎረቤቱ ሳሩን አገኘ፤ አያ ዘውዱም ከነላማቸው ተቀመጡ።

እኔም ባሕር ዳር አልገባሁም። ቁልቁል የሚበርረውን ማሽን የሠራው ልጅ ተብዬ ስሜ ከአንበሳሜ እስከ ጋሳይ ወጣ። ለዓመታት በትክክል ያስነሳኋቸው ሞተሮች ያላስገኙልኝን ደንበኛ ምንም የማያዞር ሞተር አመጣልኝ። ደንበኞቹ ሲመጡ ግን እንደ ቀድሞው የተሰበረውን ከመዘርዘር አልጀምርም። አስቀድሜ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ «እንዲሠራ ነው ወይስ እንዲሰማ?» አትሳቁ። «ሁለተኛው» ብለው በግልጽ የሚመልሱ አሉ፤ ከእነሱ ጋር ቶሎ እንግባባለን። የሚያስቸግረው «እንዲሠራ» ብሎ ጆሮው እንጂ ዓይኑ ሞተሩ ላይ የሌለው ነው። እናንተም አንባቢዎቼ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ የሚጮኽ ነገር ስትሰሙ ጎንበስ ብላችሁ ዘንጉ ከምን ጋር እንደተገናኘ እዩ።

ያን ሞተር ዛሬም እኔ ነኝ የምንከባከበው። ዘይቱን በጊዜው እቀይራለሁ፣ ማጣሪያውን አጥባለሁ፣ ወንፊቱን ቀለም አላስነካም። ባለፈው ዘይት ስቀይር አያ ዘውዱ አጠገቤ ቆመው ያዩ ነበር። ምልክቱ ላይ ሲደርስ አቆምኩና እንደ ልማዳቸው «ጎዶሎ ነው፣ ጨምርለት» እስኪሉኝ ጠበቅሁ።

የመለኪያውን ዘንግ ከእጄ ወስደው ምልክቱን አዩና መለሱልኝ።

«ይበቃዋል» አሉ። «ሥራ ለማይውል ምን እስኪፈስ ያስቀዳል?»